ሥዕለ አድኅኖ በጀሶ ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

ነቢዩ ኢሳይያስ በ22ኛው ምዕራፍ በግድግዳ ላይ ስለሚተከል ችንካር ይናገራል፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ በእርሱ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ችንካሩ የተነቀለ እንደ ሆነ የተሰቀለው ሁሉ አብሮት ይወድቃል። ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ሰው ሹመት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምሳሌውን የወሰደው በዘመኑ የነበረ ባለ ቤት ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ፥ እኛም በዚህ ወር የቤት አያያዝ ዐምዳችን ምሳሌውን ወደ ወጣበት ወደ ግድግዳው መልሰን፥ ስለ ችንካሩ ስለ ራሱ ጥቂት ለመናገር ፈለግን። ለዚህ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

እኔ ከነቤተ ሰቤ የምኖረው በሰሜን አሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ፥ በኪራይ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ውስጥ፥ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፥ ከሳሎን የመስተዋት መሰበር ድምፅ ሰምተን ሁላችንም ባንነን ተነሣን። መብራት ባበራን ጊዜ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል፥ ምስለ ፍቁር ወልዳ፥ በግንባሩ ወለል ላይ ተደፍቶ፥ መስተዋቱም ደቅቆ፥ ስብርባሪው እስከ ምንጣፉ መካከል ድረስ ተበትኖ አገኘነው። የሦስት ዓመት ልጃችን በዚያው ምንጣፍ ላይ፥ ከሥዕሉ ሥር፥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ አንሥተን ወደ አልጋው ከወሰድነው ገና ስድስት ሰዓት ብቻ ሆኖት ነበር።

አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከክፍላቸው ወጡና ስብርባሪውን ሲያዩ ከደጃፉ አላልፍ አሉ። «ልጄ፥ በሱባኤ ሥዕል መውደቁ ደግ ነገር አይደለም፤ ምን ተገኝቶብን ይሆን?» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አማቴ እህል በወጉ አልቀመሱም፤ ባለቤቴም ለማንም ሳትናገር የራስዋን በደል ስትመረምር ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። ነገሩን ሁሉ በጽሞና ከሰሙ በኋላ አማቴን ሳይሆን እኔን ተመልክተው፥ «ለመሆኑ በምን ሰቅለኸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በምስማር መሆኑን ነገርኋቸው። «እስቲ ምስማሩን አሳየኝ» አሉ። አመጣሁላቸው። ምስማሩ ያልጐበጠ፥ ያልተሰበረ፥ ከግማሽ በታች ነጭ ዱቄት የተለወሰ ነበር። አባታችን ዱቄቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉና፥ «እናቴ፥ ይህ የምልኪ ነገር አይደለም፤ ልጅዎ ሥዕሉን የሰቀለው በዱቄት ላይ ነው» አሏቸው። አማቴ በዚያ ምሽት ራታቸውን በሉ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ስለዚያ ዱቄት መጠየቅ ጀመርሁ።

በአገራችን በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ስለ ግድግዳ ያለው ዕውቀት እጅግ ትክክለኛ ነው። ቋሚው ይተከላል፥ ማገሩ ይማገራል፥ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ይመረጋል። ኩላብ ሊተክል የፈለገ ሰው ጭቃውን አይተማመንም፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ እንጨቱን ይፈልጋል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ መጻሕፍት ከነማኅደራቸው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ብዙ ዘመን የኖሩት ሰቃዮቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው። ወደ ከተማ በገባን ጊዜ ግን ግድግዳው ድንጋይና ብሎኬት ሆነ፤ በመብሻ ተበስቶ ፊሸር የገባበት ብሎኬትም የተሰቀለበትን ሁሉ ስለሚችልልን፥ ግድግዳ ማለት ጠንካራ ነገር ነው ብለን ማመንን ለመድን። የእኔም ስሕተት የመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

በአዲስ አበባ አናጢውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ፊሸር የሚለው መሰኪያ ስሙ የሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ የናይለኑን መሰኪያ የሠራው በ1958 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ በፊት፥ በ1910ዎቹ መጀመሪያ፥ ጆን ጆሴፍ ሮውሊንግስ የተባለ እንግሊዛዊ በብሪቲሽ ሙዚየም ግድግዳውን ሳያበላሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዲገጥም ሥራ ተሰጥቶት ተመሳሳይ ነገር ፈጥሮ ነበር። የሁለቱም ብልሃት አንድ ነው፤ ብሎኑ ሲገባ መሰኪያው በቀዳዳው ውስጥ ያብጥና ግድግዳውን ከውስጥ ተጭኖ ይይዛል። ድንጋይ እንዲህ ያለውን ግፊት ይችላል፤ ጀሶ ግን ይደቅቃል። ስለዚህ ለጀሶ ግድግዳ ሌላ ዐይነት መሰኪያ አስፈለገ።

የጀሶ ግድግዳ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ ጀሶንና ወረቀትን በሰሌዳ መልክ ለማጣበቅ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1894 ነው፤ ሰሌዳው በአሜሪካ ቤቶች ሁሉ የገባው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ ለተመለሰው ወታደርና ለቤተ ሰቡ ብዙ ቤት ቶሎ መሥራት ባስፈለገ ጊዜ ነው። ዛሬ በተለመደው መኖሪያ ቤት የሰሌዳው ውፍረት ግማሽ ኢንች፥ ማለት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ ከፊትና ከኋላ ያለው ወረቀት ሲቀር ሌላው ሁሉ በጥፍር ቢፋቅ የሚፈረፈር ጀሶ ነው። ከሰሌዳው በስተኋላ ቋሚ እንጨቶች በተራ ይቆማሉ፤ ከአንዱ ቋሚ መካከል እስከ ሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 16 ኢንች፥ ማለት ከ40 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ አንዳንድ ጊዜም 24 ኢንች ነው። የቋሚው ፊት ግን 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለው አየር ነው፤ ወይም ብርድ መከላከያ የሆነ ጥጥ መሳይ ነገር ይሞላበታል። ማገሩ ያልተማገረ፥ ጭቃው ያልተመረገ፥ ፊቱ ብቻ የተለሰነ የጭቃ ቤት ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። እንግዲህ አንድ ሰው ሳይመረምር ምስማር ቢመታ፥ እንጨት የሚያገኘው ከዐሥር አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ በቀረው ዘጠኝ ጊዜ ምስማሩ 13 ሚሊ ሜትር ጀሶ ነክሶ ጫፉ በአየር ላይ ይንጠለጠላል።

ጀሶውን ግን ያለ አግባብ መውቀስ አይገባም። በውስጡ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ ተይዞበት ይገኛል፤ እሳት ሲደርስበት ይህ ውኃ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ የእሳቱን መዛመት ያዘገያል። ጧፍ በሚበራበትና ዕጣን በሚታጠንበት ቤት ይህ ትንሽ በጎነት አይደለም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ውኃ የጠጣ ሰሌዳ ጥንካሬውን ያጣል፥ ስለዚህ በመታጠቢያ ቤት አጠገብ ያለ፥ ያበጠ ወይም ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ላይ ምንም ነገር አይሰቀልም።

አሁን የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ቋሚውን ፈልጎ በእርሱ ላይ መምታት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። በእርግጥ ይሻላል፤ እንጨት ባለበት ስፍራ ከእንጨት የሚበልጥ የለም። ቋሚውን ማግኘትም አስቸጋሪ አይደለም። ትንሽ ማግኔት በግድግዳው ላይ ቢያንሸራትቱ ሰሌዳውን ከእንጨቱ ጋር ያያያዙት ብሎኖች ይስቡታል፤ ብሎኖቹም በቁመት ተሰልፈው ከተገኙ ቋሚው በዚያ ነው። ነገር ግን ክርስቲያን የጸሎቱን ቦታ የሚመርጠው በእንጨት አይደለም። የምንጸልየው ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ነው፤ ቋሚው ግን ያለው አናጢው ባቆመው ስፍራ ነው። በእኛ ቤት የምሥራቁን ግድግዳ በአንድ ወገን መስኮት፥ በሌላው ወገን በር ስለ ያዘው፥ ለሥዕሉ የተረፈው ቦታ ልክ በሁለት ቋሚዎች መካከል ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማዛወር ደግሞ አማቴ የሚሰሙት ነገር አልነበረም፤ እኔም በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ራሱን እየበሳ የሚገባው መሰኪያ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ይህን መሰኪያ በአሜሪካ ሱቆች አንከር ይሉታል። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ዐይነት ከናይለን፥ ሌላው ከዚንክ ቅይጥ ይሠራል። ጫፉ ሹል፥ አካሉ ዙሪያውን ሰፋፊ ጥርስ ያለው፥ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ መካከሉ ለባለ መስቀል ካቻቪቴ የተቀረጸ ነው። ከተራው ፊሸር የሚለየው አስቀድሞ ቀዳዳ የማይፈልግ በመሆኑ ነው፤ ጫፉ ጀሶውን እየበሳ ይገባል፥ ሰፋፊው ጥርስም ሰሌዳውን ሳያደቅቅ በየዙሩ ይቈነጥጠዋል። ምስማር በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ የሚጭነውን ክብደት ይህ በሰፊ ስፍራ ያካፍለዋል። ኃይሉ ከዚህ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የያዘው ያንኑ 13 ሚሊ ሜትር ጀሶ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ መሰኪያው ምንም ቢጠነክር ከሰሌዳው አይበልጥም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰቀለውን ነገር መመዘን ያስፈልጋል። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ሥዕል መዝኜ አላውቅም ነበር። መንገዱ ቀላል ነው፤ በቤት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ባዶ እጅ፥ ቀጥሎ ሥዕሉን ታቅፎ መቆምና ልዩነቱን መያዝ ነው። የእኛ ሥዕል ከነእንጨት ክፈፉና ከነአዲሱ መስተዋቱ 6 ኪሎ፥ በአሜሪካኑ መለኪያ 13 ፓውንድ ሆነ። ሱቅ ሄጄ የገዛሁት መሰኪያ በሣጥኑ ላይ «50 ፓውንድ» የሚል ተጽፎበት ነበር። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያስ አንዱ ብቻ ይበቃል፥ እንዲያውም ይተርፋል» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ሣጥን ላይ የሚጻፈው ቍጥር መሰኪያው በፈተና ጊዜ ተነቅሎ የወደቀበት ክብደት ነው እንጂ በየቀኑ እንዲሸከም የሚመከርለት አይደለም። በሙያው የተለመደው ደንብ ከዚያ ቍጥር አንድ አራተኛውን ብቻ መጫን ነው። የ50 ፓውንድ አንድ አራተኛ 12 ፓውንድ ተኩል ይሆናል፤ የእኛ ሥዕል ደግሞ 13 ነው። ስለዚህ ሁለት መሰኪያ አስፈለገ። ሁለት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሥዕሉ በር በተዘጋ ቍጥር ወደ አንድ ጐን አይዘነብልም። አንዳንድ ሠሪዎች ግን አንድ አራተኛውን ራሳቸው አስልተው ይጽፋሉና የሣጥኑን ጀርባ ሳያነቡ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። በሥዕሉ ጀርባ ያሉት ሁለቱ ቀለበቶች የሚራራቁትን በሜትር ለካሁ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ነበር፥ ይህም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በሚገባ ያርፋል። ግድግዳው ላይ ሁለት ነጥብ በእርሳስ አድርጌ በውኃ ልክ አስተካከልሁ። ከዚያም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀጭን መርፌ ወጋሁ። መርፌው ጥቂት ገብቶ ባዶ ላይ ከወደቀ ጀሶ ብቻ ነው፤ ጠንካራ ነገር ከገጠመው ከበስተኋላው እንጨት አለ ማለት ስለ ሆነ መሰኪያ አያስፈልግም፥ ረዘም ያለ ብሎን በቀጥታ ማስገባት ይበቃል። መርፌው ብረት ከነካ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ አናጢዎች የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውኃ ቧንቧ በእንጨቱ ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ መከላከያ የብረት ሰሌዳ ይመቱበታልና። በዚህ ምክንያት ከመብራት ማብሪያና ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም ምንም አይበሳም፤ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ወጥቶ የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። ከግድግዳው በስተኋላ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ካለም ቧንቧ እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

የመጀመሪያውን መሰኪያ ያበላሸሁት በችኮላ ነው። የኤሌክትሪክ መብሻ ከጎረቤት ተውሼ ነበርና በእርሱ አስገባሁት፤ አንዲት ቅጽበት አለፈችና መሰኪያው ራሱ ግድግዳው ላይ ከተደላደለ በኋላ አንድ ዙር ጨምሮ ዞረ። በዚያች በአንዲቱ ዙር ጥርሶቹ የያዙትን ጀሶ ሁሉ ወደ ዱቄት መለሱት፤ መሰኪያውም ከዚያ ወዲያ በጣት ሲነኩት የሚሽከረከር ሆነ። እንዲህ የሆነ ቀዳዳ ለዚያው መሰኪያ ዳግመኛ አይሆንም። ሁለቱንም ነጥቦች አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ፥ የተበላሸው ቀዳዳ ከሥዕሉ ጀርባ እንዲቀር አድርጌ፥ እንደገና ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ በእጅ ካቻቪቴ ነበር። ጫፉን በነጥቡ ላይ አኑሮ ጫን ማለት፥ ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ማዞር፥ ጥርሶቹ ሲነክሱ በእጅ ላይ የሚሰማውን መክበድ መከተል፥ ራሱ ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ሲሆን ወዲያው ማቆም ነው። መብሻ ይህን መክበድ አይሰማም፤ እጅ ግን ይሰማል። ከዚያ በሣጥኑ ውስጥ አብሮ የተሸጠውን ብሎን ማስገባትና ቀለበቱ የሚያርፍበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ማስቀረት ብቻ ይቀራል። ሌላ አጭር ብሎን ከቤት አንሥቶ መጠቀም መሰኪያውን በከንቱ ማስገባት ነው፤ ብሎኑ የመሰኪያውን ርዝመት ሁሉ ሊያልፍበት ይገባልና።

ሥዕል ግድግዳውን ተጠግቶ የሚወርድ ክብደት ስለ ሆነ መሰኪያውን ወደ ታች ብቻ ይስበዋል። መደርደሪያ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን፥ መጽሐፍ ቅዱሱንም ከሥዕሉ አጠገብ ለማኖር ብዙዎቻችን ትንሽ መደርደሪያ ስለምንሠራ ነገሩን ማስረዳት ይገባናል። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ መደርደሪያ ላይ 10 ኪሎ መጻሕፍት አሉ እንበል። የክብደቱ መካከል ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ደጋፊው ብረት በግድግዳው በኩል ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፥ የላይኛው ብሎን በ15 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይሳባል፤ ይኸውም ወደ ታች ከሚሳብበት በተጨማሪ ነው። የደጋፊው ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያው ሳቢ ኃይል ወደ 5 ኪሎ ይወርዳል። ጀሶ ደግሞ ወደ ታች ከመሳብ ይልቅ ወደ ውጭ መነቀልን አይወድም። እንግዲህ መደርደሪያ የሚገዛ ሰው ጠባብ ሰሌዳና ረጅም ደጋፊ ይምረጥ፤ መጻሕፍቱ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ አንዱን ደጋፊ በቋሚው ላይ ያድርግ።

ለሥዕሉ መጋረጃ የምንሠራለትም እንዳንዘነጋ የሚገባን ነገር አለ። መጋረጃው በየቀኑ ይገለጣል፥ ይዘጋል፤ እያንዳንዱም ጊዜ ዘንጉን ጥቂት ወደ ውጭ ይስበዋል። ስለዚህ ዘንጉ የራሱ መሰኪያ ይኑረው እንጂ በሥዕሉ ብሎን ላይ አይደረብ።

የሰው እጅ የሚስበውን ነገር በዚህ መሰኪያ መስቀል ፈጽሞ አይገባም። የካፖርት መስቀያ በዚህ ይመደባል። የዝክር ወይም የክርስትና ቀን በክረምት ሃያ እንግዳ ሲመጣ በሦስት ኩላብ ላይ ሃያ ካፖርት ይደራረባል፤ ሁሉም ሲሄድ የራሱን ከሥር ይመዝዛል። በሽማግሌዎች መታጠቢያ ቤት የሚደረገው የእጅ መያዣ ብረትም በጀሶ ላይ ከሆነ ከሌለ የከፋ ነው፤ ሰውየው ተማምኖ ሙሉ ሰውነቱን ይጥልበታልና። ቴሌቪዥንም በቋሚው ላይ እንጂ በጀሶ ላይ አይሰቀልም። ከጣሪያ ላይ ቀንዲልም ሆነ የአበባ ማሰሮ በዚህ መሰኪያ አይንጠለጠልም፤ በዚያ ክብደቱ ሁሉ ነቃይ ነው።

ስለ ልብስ ሣጥንና ስለ ቁም ሣጥን አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች መሳቢያዎቹን ስበው እንደ መሰላል ሲወጡባቸው እየተገለበጡ ብዙ ሕፃናትን ስለ ጎዱ፥ በአሜሪካ በ2022 ሕግ ወጥቶ ከመስከረም 2023 ጀምሮ የሚሠሩ የልብስ ሣጥኖች የመገልበጥን ፈተና እንዲያልፉ ታዝዟል። ከሣጥኑ ጋር የሚሰጠውን ማሰሪያ ግን የሚያስረው ባለ ቤቱ ነው። ማሰሪያው በቋሚ እንጨት ላይ ይምታ፤ ሣጥኑ የት እንደሚቆም ምሥራቅና ምዕራብ አይወስነውምና ቋሚ ወዳለበት መግፋት ይቻላል።

ወደ አገር ቤት ለሚሄዱም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ዘመዴ እነዚህን መሰኪያዎች በሻንጣ ሞልቶ ለእናቱ ቤት ወስዶ ነበር። የእናቱ ቤት ግን ብሎኬት ነው፤ የመጀመሪያው ሹል ጫፍ የሲሚንቶውን ልስን እንኳ ሳያልፍ ደነዘዘ። ለብሎኬት መብሻና የተለመደው ፊሸር እንጂ ይህ አይሆንም። በአዲስ አበባም በአዳዲሶቹ ፎቆች ክፍል ለመክፈል ጂፕሰም ቦርድ የሚገባባቸው ስላሉ፥ በዚያ ዐይነቱ ግድግዳ ላይ ከላይ የተነገረው ሁሉ ይሠራል፤ በስተኋላው ያለው ቋሚ ግን ብዙ ጊዜ ከእንጨት ፈንታ ቀጭን የብረት ዘንግ መሆኑን ማወቅ ነው።

የኪራይ ቤት የሚለቅ ሰው መሰኪያውን ነቅሎ መሄድ ቢያስፈልገው ካቻቪቴውን ወደ ግራ ቢያዞር ይወጣለታል። የሚቀረው ቀዳዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን የተነሣውን ወረቀት በማንኪያ ጀርባ ወደ ውስጥ ተጭኖ፥ በስቱኮ ሞልቶ፥ ስቱኮው ሲደርቅ ስለሚጎደጉድ በማግሥቱ ሁለተኛ ደርቦ፥ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም መቀባት ይበቃል። ስንበሳ ግን አስቀድመን የኪራይ ውላችንን እናንብብ፤ አንዳንዱ ውል ምስማር ፈቅዶ መሰኪያ ይከለክላል፥ ይህ ግን በእኔ አስተያየት ጥበብ አይደለም።

ሥዕሉ በሁለቱ መሰኪያዎች ላይ የተመለሰው የፍልሰታ ሱባኤ ሳይፈታ ነው። አማቴ ከኋላዬ ቆመው ሥራውን ሁሉ ሲመለከቱ ነበርና ስጨርስ፥ «አሁን ስንት ኪሎ ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። በደንቡ ከ11 ኪሎ እንደሚበልጥ፥ ሥዕሉ ግን 6 ብቻ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እሺ ልጄ፤ ምንጣፉን ግን ወደዚያ ወስደህ አንጥፈው» አሉኝ። ምንጣፉን ወደ መስኮቱ በኩል ሳብሁት፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ የሚተኛው በዚያ በኩል ነው።